የሴት ፍላሽ በሴት ይፈተሻል

አቶ በላቸው መሞቱን የሰፈሩ ሰው ዘግይቶ ነው የሰማው፤ ያዘገየውም ሟቹ ራሱ ነው። በዕድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ከየትም አውርዶ የጫነው ነጻ የጥበቃ ፕሮግራም ነበር። አባል የሆነ ሰው መልእክት ሲልክ ፕሮግራሙ ይዞ ያቆየዋል፤ አቶ በላቸው አይቶ «ይለፍ» ካላለ ለማንም አይደርስም። ልጁ ማለዳ «አባታችን አረፈ» ብላ ጻፈች። መርዶው ተያዘ። የሟቹን ፈቃድ እየጠበቀ እዚያው ቀረ። ረፋዱ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ሲጠፋ ልጅቷ ግራ ገብቷት ለዘነበች ደወለች። ዘነበች የዕድራችን ጸሐፊ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ዱሮው በየደጃፉ እየቆመች ተናገረች።

ቀብሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ አጠገቤ ቆመች።

«አስካል፣ ምነው እንባሽ ደረቀ? ስንት ዓመት አብራችሁ ሠርታችሁ!»

«አብረን አልሠራንም። እኔ እሠራለሁ፤ እሱ ሥራዬን ይፈትሻል።»

«ኧረ ሙት ወቃሽ አትሁኚ!»

«ሙት አልወቅስም። በቁሙ ነግሬዋለሁ።»

ሰዉ የሰፈሩን ኮምፒውተር ሁሉ በነጻ የጠበቀ ደግ ሰው ነበር ይላል። ይበል። እኔ አቶ በላቸውን የማስታውሰው የእናቴን ድምፅ ያጠፋ ሰው ብዬ ነው። ከእናቴ የቀረኝ ያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ለምን አላለቀስሽም የሚሉኝ ሰዎች ይህን ያንብቡና ከዚያ ይፍረዱ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። ወድጄ አይደለም፤ «አንተ» ያሉት ሰው ቤት ይለምዳል ብዬ ነው። ግን እሱ ሳይባልም ለመደ።

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ሲጀምር አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ዛሬ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ለስንት አለቃ ንግግር ስተይብ ኖሬያለሁ፤ እነሱ አንብበው ይጨበጨብላቸዋል፣ እኔ ወገቤን ያመኛል። ጡረታ ስወጣ ለማንም አለቃ አልገዛም ብዬ ነው ያቺን ቤት የከፈትኩት። እናቴን የቀበርኩት ከዚያ በፊት ነበር። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ መታወቂያ የሚያሽግ ማሽን ነበረኝ። አለቃ አልነበረኝም።

ከዚያ አቶ በላቸው የጡረታ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ መጣ።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነው። አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ፍላሽ ያንጠለጥላል። ዕድሜውን ሙሉ ኬላ ላይ የመንገደኛ ጓዝ ፈታሽ ስለነበር እጁ ጡረታ መውጣቱን አልሰማም። ሰላም ሲልህ ቀኝ እጁ ይጨብጥሃል፤ ግራው የኮትህን ኪስ ይዳስሳል። ዳቦ ሲገዛ እንኳ በሁለት ጣቱ ጎንና ጎኑን መታ መታ አድርጎ ነው የሚቀበለው። የዚያን ቀን ኮፒውን ትቶ ከባንኮኒው በላይ አንገቱን አሰገገና የኮምፒውተሬን መስኮት ትክ ብሎ አየ።

«አስካል፣» አለኝ፤ ስሜን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ንግድ ፈቃድ አንብቦ ነው፤ «ይሄ ኮምፒውተር ዘበኛ አለው?»

«የምን ዘበኛ?»

«ወይ ጉድ! በሩን ከፍተሽ ነው የምትተኚው!»

«እኔ የምተኛው ቤቴ ነው።»

«እሱስ? እሱ የት ይተኛል?»

መልስ ሳልሰጠው ፍላሹን ከአንገቱ አውልቆ ሰካው። ማንም አልቀጠረውም፤ ማንም አልጠራውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየጠዋቱ ከእኔ ቀድሞ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ፕሮግራሞቹም እንደሱ ነበሩ፤ ነጻ ናቸው፣ አንዴ ከገቡ አይወጡም።

የሚከፈልበት ነገር አይወድም ነበር። ስስት አይደለም፤ እምነቱ ነው። «ደመወዝተኛ ዘበኛ የሚጠብቀው ወር እስኪደርስ ነው፤ የነጻው ግን ከልቡ ነው» ይላል። ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቶ አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ያዝዝና ማኪያቶው ቀዝቅዞ ቆዳ እስኪያወጣ በካፌው ኢንተርኔት ነጻ ነገር ሲያወርድ ይውላል። ቫይረስ የሚገድል፣ ቆሻሻ የሚጠርግ፣ የይለፍ ቃል የሚደብቅ፣ የተደበቀውን የይለፍ ቃል የሚፈልግ። ታብሌቴንም አልማራትም። ሰው ድንገት ቢነጥቃት እንድትጮኽና የሌባውን ድምፅ እንድትቀዳ አድርጎ አስታጠቃት።

ትልቁ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ አንቲቫይረስ ጫነ። በማግስቱ ሁለተኛ ጫነ።

«አንዱ አይበቃም?» አልኩት።

«አንዱ ቢተኛስ?»

በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን ጨመረ፤ ሁለቱ ቢመሳጠሩ የሚያጋልጥ ነው ብሎ። ሦስቱ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተፋጠጡ። አንደኛው ሁለተኛውን አጠራጣሪ ነገር አገኘሁ ብሎ ያስራል። ሁለተኛው ያመልጥና ሦስተኛውን ይከስሳል። መስኮቱ በማስጠንቀቂያ ሞላ፤ ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራ ቆመ። አቶ በላቸው ወንበር ስቦ እጁን አጣጥፎ ተደስቶ ያያል።

«ይጣሉ፣» አለ። «ዘበኛ ሲጣላ ሌባ አይገባም።»

«እኛም አልገባንም፣ አቶ በላቸው! ይኸው ባለጉዳይ ቆሟል!»

ባለጉዳዩ አንድ ገጽ ማመልከቻ ሊያትም የመጣ የአራዳ ልጅ ነበር። አንዱን እግሩን ደጃፉ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ቆየና፣ «ፋዘር፣ ፍላሼን አሰራችሁት እንዴ? ዋስ ልጥራለት?» አለ።

«ምርመራ ላይ ነው፣» አለው አቶ በላቸው፤ ምንም ሳይስቅ።

«ምን አድርጎ?»

«ገና ምርመራ ላይ ነው አልኩህ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማዘር፣ ሥራ የሚጀመረው በሰኞ ነው፤ በየትኛው ሰኞ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። በዚህ ዓይነት ስንት ባለጉዳይ እንዳጣሁ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። አቶ በላቸው ግን የሄደ ሰው ባየ ቁጥር «ንጹሕ ቢሆን ይጠብቅ ነበር» ይላል።

ደጃፉ ላይ የፍተሻ ጠረጴዛ ያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌ ላፕቶፑን አስቀምጦ የመጣውን ፍላሽ ሁሉ በጣቱ ጎንና ጎኑን መታ መታ ያደርጋል፤ ውስጡ ያለው ቫይረስ ይንኳኳ ይመስል። ከዚያ ይሰካና ይፈትሻል። ያለፈው ወደ እኔ ይመጣል። ያላለፈበት ባለቤት እዚያው ቆሞ ይከራከራል።

አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። አቶ በላቸው እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ፍላሿን ልታቀብለው ስትል እሳት እንዳየ ሰው እጁን ሰበሰበ።

«አስካል! ነይ!»

«ምን ሆኑ?»

«የሴት ፍላሽ በሴት ይፈተሻል።»

ፎቶ ኮፒው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። «ምን አሉ?»

«ኬላ ላይ የሴት ጓዝ ወንድ አይበረብርም። ነውር ነው። ይሄ ደግሞ ከጓዝ ይብሳል፤ ሰው በጓዙ ውስጥ ልቡን አይዝም። እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?»

«የመመረቂያ ጽሑፍ ነው ያለው፣» አለች ልጅቷ። «ስለ ፍሳሽ አወጋገድ ነው።»

«ይሁን። ያንቺ ፍሳሽ ነው።»

ልጅቷ ሳቋን አፈነችው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴት ፈታሽ ሆኜ ቀረሁ። ከቤቱ ጥግ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቀለ። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለተኛዋን ኮምፒውተር አስቀመጠ። ሴት ስትመጣ እኔ ሥራዬን ጥዬ እገባለሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። መጋረጃው እያለ ለምን ግድግዳ እንደሚያስፈልገው ጠይቄው አውቃለሁ። «መጋረጃ ነፋስ ይከፍተዋል» አለኝ።

ሰው የሚያወራለት የባልና ሚስቱ ነገር ነው። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ፍላሽ ይዞ መጣ።

«የማን ነው?» አለ አቶ በላቸው።

«የባለቤቴ።»

«ታዲያ አንተ ጋር ምን ይሠራል?»

«ባሏ ነኝ እኮ!»

«ባልነት ፈቃድ አይደለም። ትምጣ።»

ሰውዬው ጮኸ። ጋዜጠኛ አውቃለሁ አለ፣ ፖሊስ አውቃለሁ አለ። አቶ በላቸው ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ አይለቅም። በመጨረሻ ሚስቱ ተደውሎላት ከቴዎድሮስ አደባባይ ዳገቱን በእግሯ ወጣች፤ ተቆጥታ፣ ላብ አጥምቋት። ነገሩ ተነገራት። አቶ በላቸውን አየችው፤ ፊቱ አሁንም ግድግዳ ላይ ነው። ባሏን አየችው።

«አንተ መቼ ነው እንዲህ ፊትህን አዙረህ የምታውቀው?» አለችው። «ስልኬን ስንት ቀን ነው ስትጎረጉር የያዝኩህ?»

ባልዬው ክራቫቱን ማስተካከል ጀመረ።

ወሬው ወጣ። ሴቶች ከስድስት ኪሎ ሁሉ መምጣት ጀመሩ። ሰልፉ ከደጃፌ አልፎ አስፋልቱ ዳር ይደርሳል። «እኚያ ሽማግሌ ያሉበት ቤት» ይባላል፤ ቤቱ የእኔ ነው፣ መጋረጃው ጀርባ ዓይኔን የማፈዘው እኔ ነኝ፣ ምርቃቱን የሚቀበለው እሱ ነው። እንደገና ለሌላ ሰው ጭብጨባ መተየብ ጀመርኩ ማለት ነው።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

እናቴ መቀዳት አትወድም ነበር። ታብሌቴን ካየች አፏን ትዘጋለች። አንድ ቀን ስትቆጣኝ ግን ተደብቄ ቀዳኋት፤ ስትቆጣ ዙሪያዋን አታይም። «ይሄ ልብስ ነው? መጋረጃ አውርደሽ ነው የለበስሽው? ኧረ ሰው ምን ይላል? አባትሽ ይህን ሳያይ መሞቱ!» ይላል። ከዚያ ትንፋሿን ትሰበስብና የባሰውን ትናገራለች። የባሰውን እዚህ አልጽፈውም። በሕይወት ሳለች ሺህ ጊዜ ያስለቀሰኝን፣ ከሞተች በኋላ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ሰው በሰንበት መዝሙር ይሰማል፤ እኔ ስድብ እሰማለሁ። በዓለም ላይ ያንን ያህል የሚጣፍጠኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀት ልገዛ ወጣሁ። ታብሌቷን ጠረጴዛ ላይ ትቻት ነበር። ስመለስ ሰልፉ እንዳለ ነው፤ አቶ በላቸው ታብሌቴን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። ፊቱ በርቷል።

«ጨረስኩልሽ! ነጻ የጽዳት ፕሮግራም አገኘሁ። አስካል፣ ይቺ ልጅ በቆሻሻ ልትሞት ነበር እኮ!»

«ድምፁስ? እናቴስ?»

«የምን ድምፅ? ስም ያለውን ሁሉ አሳልፌያለሁ። ስም የሌለውን ነው ያስወገድኩት።»

ስም አልሰጠሁትም ነበር። ማን የእናቱን ድምፅ ስም ይሰጣል?

«ኬላ ላይ፣» አለ፤ ፊቴን አይቶ ድምፁ እየሟሸሸ፣ «ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ባለቤት የሌለው ነው። ይወረሳል...»

ታብሌቷን ከእጁ መነተፍኳት። ያስታጠቃት ጩኸት ለቀቀች፤ ፒያሳ ሙሉ ሌባ የተያዘ መሰለው። እኔም ጮህኩ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ስጨርስ አቶ በላቸው ሳይነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩን ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰማው አልነበረኝም።

ሰኞ ደጃፌ ላይ አገኘሁት። አንገቱ ላይ ማተቡ ብቻ ነው፤ ፍላሹ የለም። ልብ በሉ፤ ይቅርታ አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜም አልጠየቀኝም። በታብሌቴ ላይ የጫነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀለ፤ የሚጮኸውንም፣ የሚጠርገውንም፤ ያጠራቀሙት ነገር አብሯቸው ጠፋ። ከዚያ ድምፁ የነበረባትን ሚሞሪ ካርዷን አውጥቶ በመሐረብ ጠቀለለና፣ «የጠፋ የሚመልስ አለ» አለኝ።

«እናቴን?»

«ድምጿን። ነጻ ነው።»

«ነጻ የሚለውን ቃል እፊቴ እንዳይደግሙት!»

«እሺ። ግን ነጻ ነው።»

ካርዷን የገዛኋት ከመንገድ ዳር ነበር፤ አዲስ ናት ቢሉኝም ሰው ተጠቅሞባት ኖሯል። የአቶ በላቸው ፕሮግራም ደግሞ የእኔን ከሌላው አይለይም። ካርዷ ከተሠራች ጀምሮ የተጣለባትን ሁሉ ቆፍሮ አወጣው። ስም የለው፣ መልክ የለው፤ ቁጥር ብቻ የተለጠፈበት የድምፅ ክምር። ከዚያ ውስጥ እናቴን አንድ በአንድ እየሰማን መፈለግ ነበረብን።

በየቅዳሜው ከሰዓት ቤቱን ዘግተን ቁጭ እንላለን። እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጀምራል። የወንድ ድምፅ ከሆነ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ፈታሽ ነውና በግማሽ አይተውም። የሴት ድምፅ ከሆነ ግን ገና ትንፋሿን ሲሰማ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ይወረውርልኛል።

«ሴት ናት! ያንቺ ናት!»

«አቶ በላቸው፣ እናቴ ትሁን አትሁን በምን ያውቃሉ?»

«ለዚህ እኮ ነው ያንቺ የሆነችው» ይልና ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ኬሚስትሪ የምትሸመድድ ልጅ ሰማሁ። ስታንኮራፋ የተቀዳች ሴት ሰማሁ፤ ማን እንደቀዳትና ለምን እንደፈለገው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በበግ ዋጋ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ነበር፤ በጉም መሃል እየገባ ሐሳብ ይሰጣል። አንዱ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ሴት ልጅ ሊጠይቅ ይለማመዳል። «ልጅዎን ለልጃችን...» ይልና የልጅቷን አባት ስም ይረሳል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይረሳል። አቶ በላቸው ይህን ሰው ወደደው። የእናቴን ፍለጋ ትቶ እሱን ይደግመዋል።

«አገቡ ይሆን?» አለኝ አንድ ቅዳሜ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ስሙን ካላስታወሰ አይሰጡትም እኮ። ይጨንቃል።»

«የእኔ እናትስ አታስጨንቅም?»

ሽማግሌውን ትቶ ወደ ክምሩ ተመለሰ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። አቶ በላቸው መሳል ጀመረ። ዳገቱን ሲወጣ ሁለቴ ያርፋል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ካርዷን የምሰካው እኔ ሆንኩ። ይቅር ልለው እችል ነበር ይሆናል፤ አላልኩትም። «ይተዉት፣ ይረፉ» ስለው «ስም የሌለው ብቻ ነው የቀረን» ይለኛል። ሁሉም ስም የለውም እኮ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ክምሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ደነገጠ። ነቅሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ፤ ሌላ ጊዜ ይወረውረው ነበር።

«ሴት ናት። ተቆጥታለች፣» አለኝ። ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። የሚጮህ ነገር አለ፤ ከጩኸቱ በላይ እናቴ ናት። እሷ ናት! ያ ከጉሮሮ የሚነሳ ቁጣ፣ ያ እያሾለች የምትወረውረው ቃል። «ሰው ያስቀመጠውን ማን ንካ አለህ? ዕድሜህን የሰው ጓዝ ስትበረብር ኖረህ አልጠገብክም?» ልክ እንደዚያ ነበር የምትለው። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች። የባሰው እንደሚመጣ አውቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስማ አንተ በላቸው!» አለች።

እናቴ በላቸውን ሳታውቀው ነው የሞተችው።

ዓይኔን ገለጥኩ። ታብሌቷ ያን ቅዳሜ የነጣቂዋን ድምፅ ቀድታ ኖሯል። የነጠቅኋት እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ «አንተ» ብዬዋለሁ፤ ያውም በእናቴ አፍ። ትንፋሹ የእሷ፣ ጉሮሮው የእሷ፣ ንክሻው የእሷ ነው፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ስድቡም ከእሷ ቢብስ እንጂ አያንስም።

አቶ በላቸው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አፍንጫው ግድግዳውን ሊነካ ደርሶ ቆሟል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሳል ይዞት፣ እንዳይረብሸኝ አፍኖት ነው።

«እህስ አስካል?» አለ፤ ሳይዞር። «እሷ ናት?»

«ዝም ይበሉ፤ እየሰማሁ ነው» አልኩትና ከመጀመሪያው እንደገና አስጀመርኩት።